ጅዳ ለምትሄደው እህቴ በቀረው ሁለት ወር ምን እናስጠናት?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ለቤት ሥራ ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት) ወስዳለች፣ የጤና ምርመራውንም ጨርሳለች፤ የቀረው ቪዛው ነው። ዓረብኛ ግን ጭራሽ አታውቅም። እዚሁ ባሕር ዳር እያለች ቋንቋውን ከየት ትጀምር? ቤት ውስጥስ ምን ትለማመድ? ውሉ ላይ ምን እንይ?

ሰዓዳ፦
ወንድሜ፣ ከቁጥር ትጀምር። ሰላምታውን እዚያው ትለምደዋለች። ቁጥር ከተሳሳተች ግን ለሕፃን መድኃኒት ልታበዛ ትችላለች። አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያሳስተው ይኼ ነው፦ «አርበዓ» 4 ነው እንጂ አርባ አይደለም፤ «ኸምሳ» 5፣ «ሰብዓ» 7፣ «ተማንያ» 8 ነው። 40፣ 50፣ 70፣ 80 ሲሆኑ መጨረሻቸው «ኢን» ይላል፦ አርበዒን፣ ኸምሲን፣ ሰብዒን፣ ተማኒን። ጆሮዋን መጨረሻው ላይ ትጣል።

አጻጻፉም ይለያል። የእኛን ዜሮ የምትመስለው ክብ እዚያ 5 ናት፤ ዜሮ ነጥብ ብቻ ነው። 7 የሚመስለው 6 ነው። 7 አፉን ወደ ላይ የከፈተው፣ 8 ወደ ታች የከፈተው ነው። የቤተሰቡን ስልክ ቁጥር በየቀኑ በእነዚህ ምልክቶች ትጻፍ፤ ቶሎ ይይዛታል።

ሰዓት ላይ ጅዳና ባሕር ዳር ልዩነት የላቸውም፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ነው። ጠዋት «ሳዓ ሰብዓ» ካሏት የእኛ 1 ሰዓት ነው፤ ማታ «ሳዓ ኸምሳ» ካሏት 11 ሰዓት።

ከዚያ ትእዛዝ ትማር። ለሴት ሲሆን እንደ እኛው «ኢ» ላይ ያልቃል፦ ጂቢ (አምጪ)፣ ሹፊ (እዪ)፣ ኢግሲሊ (እጠቢ)። ከሁሉ በላይ «ማ ፈሂምት»፣ አልገባኝም፣ ማለትን ትልመድ። ብዙ ጠብ የሚነሣው ያልገባን ነገር «አይዋ» (አዎ) ብሎ በማለፍ ነው።

የግሽ ዓባይ ባለሙያ፦
ሰዓዳ ጥሩ ብላለች። እኔ የጓዳውን ልጨምር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጅዳ ባሕር ጠረፍ ስለሆነች 100 ላይ ነው። እዚህ በለመደችው ደቂቃ ሩዝ ብትቀቅል ይላሽቃል። ባስማቲ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ተኩል ኩባያ ውሃ፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጎ መክደን። 12 ደቂቃ ሲሞላው ትቅመሰው፤ በመሀል አታማስለው።

ጽዳት ላይ አደራ የምላችሁ፦ በረኪናን (እዚያ ክሎሮክስ ይሉታል) ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ እንዳትቀላቅል። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ሳንባ ያቃጥላል፣ ሊገድልም ይችላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንደዚሁ። አንዱን አፍስሳ በብዙ ውሃ ሳታጥብ ሌላውን አትክፈት። ከሸተታት ሁሉንም ጥላ ትውጣ።

ውል አንባቢ፦
በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ሲኦሲ የሠራተኛዋ ናቸው። ከዚህ ውጭ «ለትኬት» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ ሳትከፍሉ ወደ ሥራና ስልጠና መምሪያ ሂዱ። በጉብኝት ቪዛ ልላካት የሚልም ከመጣ እሺ አትበሉ፤ እዚያ ስትደርስ የሥራ ውል የሌላት ሰው ትሆናለች።

ደመወዙ በሪያል በአኃዝም በፊደልም መጻፉን እዩ። ፓስፖርቷን አሠሪ መያዙ በሳዑዲ ሕግ የተከለከለ ነው። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ላይ ያለው ቀን በሂጅራ ከሆነ ዓመቱ ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ማብቂያውን ቀድማ ትቁጠር። የውሉን ቅጂ አንዱን እናንተ ያዙ፣ የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶም አንስታ ለሁለት ሰው ትላክ፤ ስልክ ሊጠፋ ይችላል።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። በጾሟ ጉዳይስ? ሥጋ በማትበላበት ጊዜ እንዴት ትንገራቸው?

ሰዓዳ፦
ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አና ሳይማ» (ጾመኛ ነኝ) ብላ ትንገራቸው፤ የእኛ ጾም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መሆኑን ግን አያውቁትም፣ «ላ ለሕም፣ ላ ሐሊብ፣ ላ በይድ» ብላ ትዘርዝርላቸው። በረመዳን ደግሞ የምግብ ሥራው ወደ ሌሊት ይዞራል፤ ቀን መተኛት የምትችልበትን ሰዓት አስቀድማ ትጠይቃቸው።