ከገጠር መጥታ ለምትማር ልጅ የመንግሥት ድጎማ አለ?

ጠያቂ፦ የጅማ ሰዎች፣ ግራ ገብቶኝ ነው። የእህቴ ልጅ ከሰቃ ጨቆርሳ መጥታ 9ኛ ክፍል ገብታለች። ሂርማታ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታለች። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ኪራዩስ? ዩኒፎርሙስ? ከቤት የያዘችው ስንቅ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ባለፈው ስሄድ ቆሎ በሻይ እየበላች አገኘኋት። «ጠግቤያለሁ» አለችኝ ደግሞ!

መልስ 1፦ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ቀርቶ ነበር፤ ቤት ኪራይ ግን ማን አስቦት። ችግረኛ ናት የሚል ደብዳቤ ከቀበሌያቸው አውጪና ለርዕሰ መምህሩ ስጪ። ደብተርና ዩኒፎርም ጠይቂ፣ ብር አትጠብቂ።

ጠያቂ፦ ሦስቴ ተመላለስኩ እኮ! ማኅተም የያዘው ሰው ሁሌ ስብሰባ ነው።

መልስ 2፦ የቡና ለቀማ ወቅት ሳይገባ ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ላይ ጠብቂው። እናቴ እኔን ያስተማረችኝ እንደዛ ነው።