ኖድኤምሲዩ መብራት ሲመለስ አይነሳም፣ ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ ዝብርቅርቅ ብቻ

ሮቶ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የሮቶ ፓምፕ የሚቆጣጠር ኖድኤምሲዩ (ኢኤስፒ8266 ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ) ነው። ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ቦታው ላይ ተገጥሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን አይነሳም። ላፕቶፕ ላይ ስሰካው አንድ መስመር የማይነበብ ምልክት ይወጣና ዝም። ኮዱም ሲሪያል ሞኒተሩም (ቦርዱ የሚልከው ጽሑፍ የሚታይበት መስኮት) 115200 ባውድ (ቢት በሰከንድ) ላይ ናቸው። ቺፑ ተቃጥሎ ይሆን? ግቢው ውሃ የለውም።

ብየዳ፦
ሞኒተሩን 9600 አድርገው።

ሮቶ፦
አድርጌዋለሁ፣ ሌላ ዓይነት ዝብርቅርቅ ነው የመጣው።

ክሪስታል26፦
የተቃጠለ ቺፕ አያወራም። ያንተ እያወራ ነው፣ የምታዳምጠው ግን በማይገጥም ፍጥነት ነው። ቦርዱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሮጠው ያንተ ኮድ ሳይሆን ቺፑ ውስጥ የተቀረጸው ቡት ሮም ነው። ሮሙ ክሪስታሉ (ለቺፑ ምት የሚሰጠው) 40 ሜጋኸርዝ ነው ብሎ 115200 ሊያወጣ ይነሳል፤ ቦርዱ ላይ የተበየደው ግን 26 ሜጋኸርዝ ነው። 115200ን በ26 አባዝተህ ለ40 ስታካፍለው 74880 ይመጣል።
ለምን እንደሚዘበራረቅ ተመልከት። በ74880 አንድ ቢት 13.35 ማይክሮ ሰከንድ ይቆያል። 115200 ላይ ያለ ተቀባይ የመጀመሪያውን ዳታ ቢት የሚያነበው መስመሩ ከወረደ 13.02 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ነው። ያኔ ስታርት ቢቱ (የእያንዳንዱን ፊደል መጀመሪያ የሚያበስረው) ራሱ ገና አላለቀም! ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተዛነፈ ማለት ነው። ላኪና ተቀባይ 2 ወይም 3 በመቶ ቢለያዩ ይግባባሉ፣ 54 በመቶ ግን አይቻልም።
ሞኒተሩን 74880 ላይ አድርገህ ክፈት፣ ከዚያ አርኤስቲ (ዳግም ማስነሻ) ቁልፉን ጫን።

ቻርጀር፦
ፓወር ነው እንጂ ባውድ አይደለም። ዋይፋዩ ሲበራ ቦርዱ ከ300 ሚሊአምፔር በላይ በቅጽበት ይስባል፣ ደካማ ቻርጀር ይወድቃል። 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ3.3 ቮልትና በግራውንድ መካከል አስገባ።

መልቲሜትር፦
@ቻርጀር፣ ፓወር ቢሆን ደጋግሞ እየተነሳ ይወድቅ ነበር፤ እሱ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።
@ሮቶ፣ ዝብርቅርቁን እንደ በሽታ አትቁጠረው። ጤነኛ ቦርድም 115200 ላይ እንዲሁ ያወጣዋል። መጠየቅ ያለበት ከዚያ በኋላ ለምን ዝም አለ ነው። 74880 ላይ "ቡት ሞድ" ከሚለው ቀጥሎ ቅንፍ ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው 3 ከሆነ ከፍላሽ (ኮድህ ከተቀመጠበት ሜሞሪ) እየተነሳ ነው። 1 ከሆነ ኮድ እስኪጫንበት እየጠበቀ ነው። ዲ3 የሚለው ፒን ላይ ምን አገናኝተሃል?

ጠብታ፦
ሮቶውም ቦርዱም ደርቀዋል እኮ 😄 ሊኑክስ ላይ ከሆንክ "ስክሪን" የሚባለው ፕሮግራም 74880 አይቀበልህም፣ ሚኒተርም የሚባለውን ተጠቀም። 76800 ብቻ ካገኘህም ልዩነቱ 2.6 በመቶ ስለሆነ ይነበባል።

ሮቶ፦
ተነበበ!! አርኤስቲ ኮዝ 2፣ ቡት ሞድ (1,7)። ዲ3 ላይ ፍሎት ስዊቹ (ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ማብሪያ) ነው ያለው፣ ሌላው ጫፉ ግራውንድ ላይ። ይሄ ምን አገናኘው?

መልቲሜትር፦
ዲ3 ማለት ጂፒአይኦ 0 ነው። ሲነሳ ግራውንድ ላይ ካገኘው ኮድህን ትቶ ጭነት ይጠብቃል። ሮቶው ሲጎድል ስዊቹ ይዘጋል፣ በዚያው ሰዓት መብራት ከመጣ በቃ አይነሳም። ጠረጴዛ ላይ ስዊቹ ክፍት ስለነበር ነው የሠራልህ።
ሽቦውን ወደ ዲ5 አዛውር፣ ኮዱ ውስጥም ፒኑን ቀይርና ኢንፑት ፑልአፕ (ስዊቹ ክፍት ሲሆን ፒኑን ከፍ አድርጎ የሚይዝ የውስጥ ሬዚስተር) አድርገው። ዲ4ና ዲ8 ላይ እንዳትወስደው፤ ሲነሳ ዲ4 ከፍ፣ ዲ8 ዝቅ ብለው መገኘት አለባቸው። ሽቦው እስከ ጣሪያ የሚሄድ ከሆነ የውስጡ ፑልአፕ ደካማ ነው፣ 4.7 ኪሎኦም ወደ 3.3 ቮልት ጨምርበት።
ለአሁኑ ውሃ ከፈለግክ ፍሎቱን በእጅህ ከፍ አድርገህ ያዝ፣ አርኤስቲ ይጫን፣ ኮዱ ሲጀምር ልቀቀው። ፒኑ የሚታየው በመነሻው ቅጽበት ብቻ ነው፣ ከዚያ ተራ ኢንፑት ይሆናል።

ብየዳ፦
115200ስ ሞክረሃል?

ክሪስታል26፦
ኮድህን ራሱን 74880 ብታደርገው የሮሙም ያንተም መልእክት በአንድ መስኮት ይነበባል። ኢኤስፒ32 ላይ ግን ይህን አታድርግ፣ የእሱ ሮም 115200 ነው የሚያወጣው።

መልቲሜትር፦
@ሮቶ፣ ዲ5 ላይ ተነሳ?