የግጥም ምሽታችንን በኮሮና ጊዜ እንዴት እናስቀጥል?

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 2013)

ሰላም ለሁላችሁ። የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ወደየቤታችን ተበተንን። አሁን ተመልሰን ትምህርቱ እየሄደ ነው። የቆመው የግጥም ክበባችን ነገር ነው። ዓርብ ማታ የግጥም ምሽት ነበረን፤ አዳራሹ ሞልቶ በር ላይ ቆሞ የሚሰማ ብዙ ነበር። ዘንድሮ እንደዚያ ተፋፍጎ መቀመጥ አይቻልም።

ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ታናናሾቻችን ናቸው። ፍሬሽ ሆነው ግቢውን ሳይላመዱ ነው የተበተኑት። አጠገባችን ካለው ዶርም አንዲት ልጅ አለች፤ ላያት ስሄድ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ገና በ11 ሰዓት! ማንንም ሳናሳምም ክበቡን እንዴት እናስነሳው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ)

እኅትዓለም፣ እኛ አዳራሹን ትተን ሜዳ ወጣን። ዛፍ ሥር፣ ሣሩ ላይ። በአንድ ጊዜ ከ15 ሰው አንበልጥም፤ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን እንቀመጣለን። የቀረው በሌላ ቀን ይመጣል። ያስቸገረን ማይኩ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም አፉ ላይ ለጥፎ አነበበ። ከዚያ ወዲህ ማይክ የለም። ለ15 ሰው ድምፅ ይበቃል። ወረቀትም አንቀባበልም፤ ሁሉም ከስልኩ ያነባል።

መልስ (ከእንጅባራ)

ከመጀመራችሁ በፊት ግቢውን አስፈቅዱ። ቦታና ሰዓት ጽፋችሁ ብታስገቡ ይቀላል።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)

ልጆቼ፣ ነርስ ነኝ። ሜዳ መውጣቱ ጥሩ ነው። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ከአፉ ብዙ ጠብታ ይወጣል፤ ስለዚህ አንባቢው ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ይቁም። ማስኩን አገጭ ላይ አታውርዱት። ከረጠበ ቀይሩት፤ የጨርቅ ከሆነ ማታ በሳሙና እጠቡት። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከፕሮግራሙ በኋላ ያለው ነው። ተራርቃችሁ ትቆዩና አንድ ትሪ ከባችሁ ትጎራረሳላችሁ። ያን ለጊዜው ተዉት። ትኩሳት ወይም ሳል ያለው ይቅር፣ ወደ ኮሮና የስልክ መስመር 8335 ይደውል።

ያቺን ልጅ ደግሞ ብቻሽን አትሸከሚያት። ምግብ ከቀነሰች፣ ቀን ከሌት ከተኛች፣ ወደ ግቢው ክሊኒክ አብረሻት ሂጂ።

መልስ (ከቢቸና)

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ቅኔ ቤት ነበርኩ። እዚያ ተማሪው ለቆጠራ ብቻውን ዛፍ ሥር ይሄዳል። ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል፤ መቁጠር ማለት ይህ ነው። ከዚያ ተራው ሲደርስ ለመምህሩ ይነግራል፤ ነገራ የሚባለው ይህ ነው። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ሰኞ በቴሌግራም አንድ ርዕስ ስጡ። ሳምንቱን ሁሉም ለየብቻው ይቁጠር። ዓርብ ተራው የደረሰ ሜዳ ላይ ያንብብ፤ ያልደረሰው በቮይስ ይላክ። ቮይሱ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ፣ ካርድ ይበላል። ብቻውን የሚውል ሰው ቢያንስ የሚያስበው ነገር ያገኛል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ11 ሰዓት በኋላ የማርቆስ ብርድ ስለማያስቀምጥ በ9 ሰዓት እናደርገዋለን፤ ጋቢ ያለው ይዞ ይመጣል። ዛሬ ለዚያች ልጅ ርዕሱን ነገርኳት፤ «ደጅ» የሚል ነው። መጀመሪያ ዝም አለች። ልወጣ ስል ዞር ብላ «ስንት ስንኝ ይበቃል?» አለችኝ። ክሊኒክም ነገ አብረን እንሄዳለን።