የልጄ አንድ የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ አልወረደም፤ ቪዛው እስኪመጣ ልጠብቅ?

የቱሉ ዲምቱዋ እናት (ፍራንክፈርት)፦
ሰላም ወገኖቼ። የሁለት ዓመት ከአራት ወር ልጄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር ይኖራል። ትናንት ማታ እናቴ ደውላ «ሳጥበው የግራ ፍሬውን አጣሁት» አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ከእሷና ከልጁ በቀር ማንም የለም፤ እሷ ግን ታንሾካሹካለች። የቪዛ ማመልከቻችን ኤምባሲ ከገባ ሰባት ወሩ ነው። እዚህ ሲመጣ ላሳክመው ወይስ አሁን ገንዘብ ልላክ? ኦፕራሲዮን ካስፈለገስ አያቱ መፈረም ትችላለች?

ሲስተር (ለገጣፎ፣ ከኦስሎ ተመላሽ)፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ 100 ወንዶች 3 ያህሉ አንዱ ወይም ሁለቱም ፍሬ ሳይወርድ ይወለዳሉ። ያለ ጊዜያቸው በሚወለዱት ላይ ይበዛል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ይወርዳል፤ ከ6 ወር በኋላ ግን እምብዛም አይወርድም። ኦፕራሲዮኑ የሚመከረው ከ6 እስከ 18 ወር ነው። ስለዚህ ልጅሽ ጊዜውን አሳልፏል፤ ይህ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም፣ ከዚህ በላይ አይቆይ ማለት ነው። ሆድ ውስጥ ያለው ሙቀት ፍሬውን ይጎዳዋል።

እማማ ልጁን ያጠቡት በቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲበርደው ፍሬው ወደ ላይ የሚሸሽበት ልጅ አለ። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡትና እጃቸውን አሙቀው ይዩ። ወርዶ ከቆየ በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ይየው፣ ይበቃል። ካልወረደ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል። አልትራሳውንድ አስነሱ ብለው ገንዘብ እንዳያስጨርሷችሁ፤ ዋናው ምርመራ የሐኪሙ እጅ ነው። ብሽሽቱ ላይ ጠጣር እብጠት ወጥቶ ካስመለሰው ግን በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂድ።

ጋሽ መሐንዲስ (ሙኒክ)፦
እኔ 26 ዓመት እዚህ ኖሬአለሁ፤ ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። በሕዝብ የጤና መድን የታቀፈ ወላጅ ልጁን ያለ ተጨማሪ መዋጮ ያስመዘግባል። የሕፃናት ምርመራ በቢጫ ደብተር ይመዘገባል፤ ሐኪሙም ፍሬውን ሳይቀር ይፈትሻል። ሰባት ወር የጠበቀ ሰው ጥቂት ቢጨምር ምን ይሆናል? ገንዘብሽን አታባክኚ።

የኮዬው (ስቶክሆልም)፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቪዛው መቼ እንደሚመጣ ማን ነገረዎት? ይልቅስ በስምንተኛው ቀን የገረዘው ሰው ምን ያይ ነበር?

እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። የ13 ዓመት የእህቴ ልጅ ኮዬ ፈጬ ማታ «ሆዴን አመመኝ» አለ፤ አስመለሰው። አንድ ክሊኒክ ወስፋት ነው ብሎ ክኒን ሰጥቶ ሸኘው። ልጁ ያመመው ፍሬው እንደሆነ ለእናቱ ማውራት አፍሮ ሌሊቱን ጥርሱን ነክሶ አደረ። ጠዋት አብጦ ጠቁሮ ነበር። ፍሬው በኦፕራሲዮን ወጣ።

ሲስተር (ለገጣፎ)፦
ያ የፍሬ መጠምዘዝ ይባላል፤ ደሙ ይቋረጣል፣ ፍሬውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ነው። ሆዴን አመመኝ ለሚል ወንድ ልጅ ሱሪውን አውልቆ ማየት ነውር አይደለም። እኔ በሥራዬ ስንቱን እናት አስቆጥቻለሁ።

የሰበታ ልጅ (ዋሽንግተን)፦
ገንዘቡን ስትልኪ በባንክ ይሁን። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት እንደ ድሮው አይደለም።

የኮዬው (ስቶክሆልም)፦
አይደለም? ባለፈው ሳምንት አነጻጽሬአለሁ፤ የእኔ እናት በልዩነቱ ዘይት ገዝታበታለች።

የሰበታ ልጅ (ዋሽንግተን)፦
አንተ ዘይት ትላለህ፣ ያ ደላላ ገንዘቡን ይዞ የጠፋ ቀንስ ለማን ትከሳለህ? እኔ ላይ ደርሷል።

የቱሉ ዲምቱዋ እናት (ፍራንክፈርት)፦
ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ በሳፋው ሁለት ጊዜ ሞክራ አልወረደም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ወስዳው ለጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጽፎላታል፤ ጠዋት በ11 ሰዓት ከቤት ልትወጣ ነው። ለጎረቤት እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች፤ እዚህ መጻፌን አታውቅም። ስለ ፊርማው ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጋሽ መሐንዲስ (ሙኒክ)፦
ውክልና ከቆንስላ አውጪ፤ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ሰነዶች ማረጋገጫ ይቀርባል። እኔ የቤት ሽያጭ የጨረስኩት በዚህ ነው። ለሕክምና ይቀበሉት እንደሆነ ሆስፒታሉን ጠይቂ። ስለ ምንዛሪው ደግሞ የኮዬው ልጅ ተሳስቷል።

የኮዬው (ስቶክሆልም)፦
ጋሼ፣ ቤት የሸጡት ብሩ ሳይረክስ ነው።