«ጎስት» በአማርኛ ማን ነው? ጣረ ሞት፣ ምትሃት ወይስ መንፈስ?

ሀገሬ ከሩቅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ መንፈስ ቅዱስን «ሆሊ ጎስት» ይለዋል። እዚህ አሜሪካ ልጆቼ በሃሎዊን ሰሞን አንሶላ ለብሰው የሚሆኑትም «ጎስት» ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ቃል ሆኑ? አንሶላ የለበሰውንስ በአማርኛ ምን ልበለው? ጣረ ሞት፣ ምትሃት፣ መንፈስ ሲባል እሰማለሁ። እናቴን ብጠይቃት «በስመ አብ በይ!» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

ሰዋስው ወዳጅ፦
እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። «ጎስት» ሲጀመር የሚያስፈራ ቃል አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ነፍስም መንፈስም ማለት ነው። የጀርመኑ «ጋይስት» ወንድሙ ነው፤ እሱ ዛሬም መንፈስና አእምሮ ማለት ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግድም እንግሊዞች ቃሉን ለሚታየው የሞተ ሰው መንፈስ ማዋል ጀመሩ። ይሄ ትርጉም ቀስ በቀስ ገነነና የቀድሞውን አስለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የቀድሞውን እንደያዘ ቀረ። ጌታ በመስቀል ላይ «ነፍሱን ተወ» የሚለውን እንኳ «ጎስቱን ሰጠ» ብሎ ነው የሚያስቀምጠው።

አሁን የእኛን ተመልከቺ። ማቴዎስ 14 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ጌታ በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው «ምትሀት ነው» ብለው ጮኹ። ግሪኩ «ፋንታስማ» ይላል። ሉቃስ 24 ላይ፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ «መንፈስ ያዩ መሰላቸው»። እዚህ ግሪኩ «ፕኔውማ» ነው። አማርኛው ልዩነቱን ጠብቋል። የ1611ዱ እንግሊዝኛ በሁለቱም ቦታ «ስፒሪት» ብሎ ያልፋል፤ ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ደግሞ በሁለቱም ቦታ «ጎስት» ይላሉ። በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ቃላት ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ይሄን ሳይ ሁሌም እገረማለሁ።

ምትሃት ዓይንን የሚያታልል ነገር ነው። አለ ስትዪው የለም። ለዚህ ነው በዓይን ፊት ነገር የሚሰውረውን ሰው ምትሃተኛ የምንለው። ስለዚህ ምትሃት ያየ ሰው የግድ የሞተ ሰው አላየም።

የአራዳ ልጅ፦
እሺ፣ ጣረ ሞትስ? እኛ ሰፈር ፊልም ላይ ነጭ ለብሶ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ጣረ ሞት ነው የምንለው።

ቅኔ ቤት፦
«ጣር» ግዕዙ «ጻዕር» ነው፤ ስቃይ፣ ጭንቅ። የዳዊቱ «ጻዕረ ሞት» በአማርኛው መዝሙር 18 «የሞት ጣር ያዘኝ» ሆኗል። «ጣር ላይ ነው»፣ «ያጣጥራል» የምንለውም ከዚያው ነው። ጣረ ሞት በመነሻው ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ያለው ጭንቅ ነው እንግዲህ። ከዚያ ወደ መልክ ተሻገረ። በሽታ ያመነመነውን፣ ዓይኑ የጎደጎደውን ሰው «ጣረ ሞት መስሏል» እንላለን። አንተ የምትለው፣ በሌሊት ብቅ የሚለው አስፈሪ ነገር፣ ሦስተኛው ትርጉም ነው። ስህተት አይደለም፤ ቃሉ እስከዚያ ድረስ ተጉዟል።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የአማርኛን አስፈሪዎች ቁጠሯቸው፦ ጋኔን፣ ዛር፣ ቆሌ፣ ጭራቅ፣ ዓይነ ጥላ። ከእነዚህ ውስጥ ሞቶ የተመለሰ ሰው የትኛው ነው? «ይሄ ቤት ሰው አይበረክትበትም» ሲባል የሚጠረጠረው ብዙ ጊዜ ጋኔን ወይም የተቆጣ ቆሌ ነው፤ የቀድሞው አከራይ ነፍስ አይደለም። ስለ ዛር የሚነገረውን ታውቃላችሁ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ቆንጆዎቹን 15ቱን ከፈጣሪ ደበቀቻቸው፤ እንደተደበቁም ቀሩ ይባላል። በዚህ ትረካ ዛሮች ወንድምና እህቶቻችን ናቸው እንጂ ሙታን አይደሉም።

የሸክላ ልጅ፦
መምህር፣ ቡዳን ዘለሉት። ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ፣ ነፍስ ዘርቶበት፣ ባሪያ አድርጎ ይገዛዋል ይባል የለም እንዴ? ያ ሞቶ የተመለሰ ሰው ነው። ደግሞ ይህን ስናወራ አንድ ነገር አንርሳ። ወሬው የተለጠፈው በሸክላ ሠሪው፣ በአንጥረኛው፣ በቤተ እስራኤል ላይ ነው። ሰው ተገልሎበታል፣ ተደብድቦበታል። የእኔም ቤተሰብ ስሙን ተሸክሞ ኖሯል።

ቅኔ ቤት፦
ልክ ነህ ወንድሜ፤ ያልከው መዘለል የሌለበት ነው። ትርጉሙንም ያጠራልናል፦ ያ ሙት የሚመለሰው በሥጋው ነው፤ ይሠራል፣ ይታዘዛል። በግድግዳ የሚያልፈው ጥላ ሌላ ነው።

ሰዋስው ወዳጅ፦
አውሮፓ ውስጥ ሙታን የሚመለሱበት ምክንያት ነበራቸው። የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ትምህርት ነፍስ ወደ ገነት ከመግባቷ በፊት የምትነጻበት የመንጻት ስፍራ አለ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1274 የሊዮን ጉባኤ አጽንቶታል። በዘመኑ ታሪኮች ነፍስ ለዘመዷ ትገለጥና «ቅዳሴ አስቀድሱልኝ፣ ዕዳዬን ክፈሉልኝ» ትላለች። በ16ኛው መቶ ዘመን ፕሮቴስታንቶች የመንጻት ስፍራ የለም አሉ። ታዲያ በሌሊት የሚታየው ምን ሊሆን ነው? ሰባኪዎቹ «የሰይጣን ማታለያ ነው» አሉ። ሕዝቡ ግን ማየቱን አልተወም።

በእኛ ዘንድ ሙት መጥቶ መለመን አላስፈለገውም። ፍትሐቱ፣ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ በቀጠሮ ይደርሳል። የሟች ድርሻ ሳይጠይቅ ይመጣለታል። ይሄ የራሴ አስተያየት ነው፤ ግን አጥብቄ አምንበታለሁ።

ስለ አንሶላው ደግሞ፦ አንሶላው መግነዝ ነው። ድሆች ያለ ሣጥን በመግነዝ ብቻ ይቀበሩ ስለነበር የተመለሰውም በመግነዙ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1804 ለንደን ሃመርስሚዝ ላይ አንድ ነጭ ነገር በሌሊት ሰው ያስፈራራል ተባለ። ፍራንሲስ ስሚዝ የሚባል ሰው ጠመንጃ ይዞ ሲጠብቅ ነጭ ለብሶ የሚመጣ አየና ተኮሰ። የሞተው ቶማስ ሚልውድ የሚባል ግንበኛ ነበር። ነጩ ልብስ የሥራ ልብሱ ነው። ስሚዝ ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ወደ አንድ ዓመት ከባድ ሥራ ተቀነሰለት። ፍርድ ቤቱ «ጎስት መስሎኝ ነው» ማለቱን ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት አድርጎ አልተቀበለውም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መልኩን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1848 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የፎክስ እህትማማቾች ከሙታን ጋር በማንኳኳት እንነጋገራለን አሉ፤ በየሳሎኑ ሙት መጥራት ተስፋፋ። ከእህትማማቾቹ አንዷ በ1888 ድምፁ የእግር ጣቷ መገጣጠሚያ መሆኑን በአደባባይ አሳየች። ቀድሞ የሚፈራው ሙት በዚያ ዘመን የሚናፈቅ ሆነ። ልጅ የቀበረች እናት ናት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው፤ ስለዚህ በእነዚህ ሰዎች ላይ መፍረድ አልወድም።

ሀገሬ ከሩቅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያስ በአማርኛ ሙት ጨርሶ ዝም አለ ማለት ነው?

ቅኔ ቤት፦
ኧረ በፍጹም! የእኛ ሙት የሚናገረው በአጥንቱ ነው። «የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብሎ የማለ ሰው ዘወር አይልም። «አጥንቱ ይፋረድህ» የተባለም እንቅልፍ አይወስደውም። ስለ ሟች ክፉ ለመናገር ስንቃጣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» እንላለን። ስሙ ሲነሳ «ነፍስ ይማር»፣ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት»። ዓይን የሚያየው ነገር የለም፤ ግን ሟቹ ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ አፈሩ ይከብደዋል።

ለጥያቄሽ ደግሞ፦ አንሶላ ለለበሰው ልጅ «ጣረ ሞት» ከባድ ነው፤ ታሞ የከረመ ሰው ፊት አትበዪው። ለታሪክና ለፊልም «የሙት መንፈስ» የሚለው ግልጽ ነው። ታይቶ ለሚጠፋው «ምትሃት» በዪ። «መንፈስ» ብቻውን ሰፊ ነው፤ ቅዱሱንም ርኩሱንም ይይዛል።

የአራዳ ልጅ፦
መምህር፣ የመጨረሻ። «ቆሌው ተገፈፈ» እና «ውቃቢ ራቀው» አንድ ናቸው?

ቅኔ ቤት፦
አይደሉም። ቆሌው የተገፈፈ ሰው ደንግጧል፤ ሰው ፊት ግርማው ወርዷል፣ ቃል ጠፍቶበታል። ሲረጋጋ ይመለስለታል። ውቃቢ የራቀው ሰው ግን ምንም ሳይደርስበት ለዓይን አይሞላም፤ ሰው አይቀርበውም። «ውቃቢዬ አልወደደውም» ስትል ደግሞ ጉዳዩ ያንተ ነው፤ ሰውዬው ምንም አላደረገህም።