ባለ 20 ሜጋፒክስሉ በባለ 12 ተሸነፈ፤ ምን ጉድ ነው?

የሕፃኗ አክስት

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል።

ኪስ የምትገባ ባለ 20 ሜጋፒክስል ካሜራ አለችኝ። የገዛኋት ሳጥኗ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ ነው፤ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መራመድ ጀመረች። ማታ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የበራው አንድ አምፖል ብቻ ነው። እኔ በኪሷ ካሜራ፣ አጎቴ ደግሞ በአሮጌው ኒኮን ዲ90 ጎን ለጎን ቆመን አነሳናት። ዲ90 በ2008 የወጣ፣ ባለ 12.3 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው። በልቤ «ዛሬስ በልጬዋለሁ» ብዬ ነበር።

ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው አፈርኩ። የእኔ ፎቶ ላይ የልጅቷ ጉንጭ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀጉሯ ተለጣጥፎ የተቀባ ቀለም ሆኗል። የአጎቴ ላይ ግን ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጎቴ ምንም አላለም። ሳቀ ብቻ። እሱ ነው የባሰው።

አሁን አዲስ ልገዛ ነው። አንዷ ኦንላይን ያየኋት ትንሽ ካሜራ 48 ሜጋፒክስል ትላለች። ሌላዋ ሌንሷ የሚቀያየር፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባል ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ቺፕ) ያላት ባለ 24 ነች። 48 የ24 እጥፍ አይደለም እንዴ? ወይስ ቁጥሩ ውሸት ነው? የማነሳው ብዙውን ጊዜ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ሰው ነው። አልፎ አልፎ አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ፤ ቢበዛ ኤ4።

የህትመት ሰው

ፎቶ ማተም ነው ሥራዬ። ሰው ፍላሽ ዲስኩን ሲሰጠኝ መጀመሪያ የሚነግረኝ ሜጋፒክስሉን ነው። ሴንሰሩን የነገረኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

ሜጋፒክስል ማለት ስንት ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው፤ በቃ። 24 ሜጋፒክስል 6000 በ4000 ነጥብ ነው። ኤ4ን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 3508 በ2480 ይበቃል፤ ወደ 8.7 ሜጋፒክስል መሆኑ ነው። የአጎትሽ 12 ለግድግዳሽ ይተርፋል። ፉል ኤችዲ ስክሪን ደግሞ ከነጭራሹ 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። «እጥፍ» ያልሽውም፣ ከ24 ወደ 48 ሲኬድ የፎቶው ጎን የሚያድገው 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። ጎኑ እጥፍ እንዲሆን 96 ያስፈልግሻል።

የተሸነፍሽው በሴንሰሩ ስፋት ነው። አብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው 1/2.3 ኢንች የሚባለው ነው። 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ፤ የትንሿ ጣትሽ ጥፍር ይሸፍነዋል። የዲ90 ግን ያቺ ባለ 24 እንዳላት ኤፒኤስ-ሲ ነው፤ 23.6 በ15.8። አባዢው፤ 28 ካሬ ሚሊሜትር ከ373 ጋር ነው የተጋጠመው። 13 እጥፍ! በዚያ ላይ የአንቺ 20 ሚሊዮን ፒክስል እዚያች 28 ላይ ተጨናንቋል፤ የአጎትሽ 12 ሚሊዮን 373 ላይ ተንፈላሶ ተቀምጧል።

ቀን ፀሐይ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ማታ ግን ለእያንዳንዷ ፒክስል የሚደርሳት ብርሃን ጥቂት ነው። ካሜራዋ አይኤስኦውን (የተቀበለችውን ብርሃን የምታጎላበትን መጠን) ከፍ ታደርጋለች፤ ያኔ እንከኑም አብሮ ይጎላል። አሸዋው እሱ ነው። ከዚያ አሸዋውን ልታጠፋ ስትሞክር ፀጉሩንም አብራ ትጠርገዋለች። «የተቀባ ቀለም» ያልሽው ከዚህ የመጣ ነው።

አምራቾቹም ይህን ያውቁታል። ካነን በ2008 ፓወርሾት ጂ10ን በ14.7 ሜጋፒክስል አወጣና በዓመቱ ጂ11ን ወደ 10 አወረደው። ሶኒ በ2014 ያወጣው ኤ7ኤስ ፉል ፍሬም (ከኤፒኤስ-ሲም የሚሰፋ ሴንሰር) ሆኖ 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ ለጨለማ ይፈለጋል።

ወፍ አሳዳጅ

የህትመቱ ሰው ያለው ልክ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልከራከር። ፒክስል ሲበዛ ፎቶ ይበላሻል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ሁለት ሴንሰሮች ስፋታቸው እኩል፣ ዘመናቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ የባለ 45ቱን ፎቶ ወደ 12 አሳንሰሽ ስታዪው ከባለ 12ቱ ብዙም አይለይም። ዋናው ሴንሰሩ በጠቅላላ የሰበሰበው ብርሃን ነው። ባለ 48 ስልኮችም አብዛኛውን ጊዜ አራት አራት ፒክስል ደምረው ባለ 12 ፎቶ ነው የሚያስረክቡሽ።

እኔ የማነሳው ወፍ ነው። ወፍ ደግሞ አታስጠጋም። ሩቁን በሚያቀርብ 400 ሚሊሜትር ሌንስ እንኳን የፎቶው አንድ ጥግ ላይ ቁጭ ትላለች። ኒኮን ዲ850 45.7 ሜጋፒክስል ስለሆነ ሩቡን ብቻ ቆርጬ ባስቀር 11 ይተርፈኛል። ለዚህ ለዚህ ሜጋፒክስልን አልሰድብም። ቅጣት ግን አለው፤ እጄ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሳጎላው ያጋልጠኛል፣ ፋይሉም ዲስክ ይበላል።

ስፔክ አንባቢ

ባለ 48ቷን ከመግዛትሽ በፊት ዝርዝሯን እስከ ታች አንብቢ። እኔ ተሸውጃለሁ። «48» የምትል ገዝቼ ሴንሰሯ 13 ሆኖ ተገኘ። ቀሪውን ካሜራዋ ራሷ ከጎረቤት ፒክስሎች እየገመተች ትሞላዋለች፤ ኢንተርፖሌሽን ይሉታል። የሴንሰሩ መጠን ጨርሶ ካልተጻፈ እለፊያት።

«1 ኢንች ሴንሰር» የሚል ካየሽ ደግሞ ማስመሪያ አታውጪ። 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። ስሙ ከድሮ የቪዲዮ ካሜራ ቱቦ የተወረሰ ነው። ቢሆንም ከአንቺዋ 4 እጥፍ ይሰፋል።

ቆይ፣ የአጎትሽ ሌንስ ምን ነበር? ማንም አልጠየቀም እኮ!

የሕፃኗ አክስት

የባለ 48ቷን ገጽ እስከ ታች ወረድኩ። ሴንሰር የሚለው ቦታ ላይ «ሲሞስ» የሚል የዓይነቱ ስም ብቻ ነው ያለው። መጠን የለም። ዘጋሁት።

አጎቴን ጠየቅኩት። 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ነው አለኝ።

የህትመት ሰው

በይ ሌላውም ሌባ ተያዘ። ከባለ 24ቷ ጋር የሚመጣው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ 18-55 ሚሊሜትር ዙም ነው። ወደ 55 ሲጠጋ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 አካባቢ ይሆናል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከዚያ ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ባለ 24ቷን ውሰጂ፤ ቀስ ብለሽ ለእሷ የሚሆን 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ጨምሪበት። ኤፒኤስ-ሲ ላይ የ50 ሚሊሜትር እይታ ለሳሎን ይጠባል፤ ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። በ1.8 ስታነሺ ፎከሱን ዓይኗ ላይ አድርጊ። አፍንጫዋ ላይ ካረፈ ዓይኗ ብዥ ይላል።

የሕፃኗ አክስት

ባለ 24ቷን ወስኛለሁ። ይህን ሁሉ ለአጎቴ አነበብኩለት። በመጨረሻ ተናገረ፤ «የድሮዋን ሳጥን አትጣዪው፣ ቁጥሩ ያምራል።»