ወር በገባ በ21 ለነዳያን የምናወጣው ገንዘብ፦ ሳንቲም፣ ምሳ ወይስ መቋቋሚያ?

ማኅበርተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሥራ ሁለት ሆነን በማርያም የምንጠጣው የጽዋ ማኅበር አለን። በወር 15,000 ብር ገደማ እናዋጣና አስዘርዝረን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሚቀመጡት የኔ ቢጤዎች እናድላለን። አሁን ግን አባላቱ አልተስማሙም። ገሚሱ «ሳንቲም መበተኑ ይቅር፣ ምሳ እናብላ» ይላል። ገሚሱ «ሁለት ሦስት ሰው መርጠን ከልመና እናውጣ» ባይ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የምታውቁት፣ የትኛው ይሻላል? የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው?

ሶሻል ወርከር፦
መጀመሪያ በተራ ማክሰኞ ጠዋት ሄዳችሁ በሩን እዩት። በንግሥ የሚሰበሰበውና በአዘቦት የሚቀመጠው ሰው አንድ አይደለም። ብዙዎቹ በዓል እየተከተሉ ነው የሚዞሩት፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ዓርብ ዓርብ አንዋር መስጊድ። ለቁልቢና ለግሸን ከከተማ የሚወጡም አሉ። በአዘቦት በሩን የማይለቁትን ግን በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ታገኟቸዋላችሁ። ለመቋቋሚያ የሚመረጠው ከእነሱ ነው።

ልመና ወጪም እንዳለው አትርሱ። እናንተ ብር ስታስዘረዝሩ ዝርዝር ሻጩ የራሱን ቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ። የተሰጣቸው ደግሞ ማታ የአዳር መደብ ይከፍላሉ፣ ከሆቴል የተረፈ ቡሌ በፌስታል ይገዛሉ። የቀኑ ለቀኑ ስለሚያልቅ የወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጃቸው ላይ አይገኝም። አንድ ቀን ዝናብ ሲውል ወይም ሕመም ሲጥላቸው የዚያን ሌሊት መደብ ያጣሉ፣ በረንዳ ያድራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ የቤት ኪራይ ይሁን። ለመረጣችኋት ሴት ዳር ሰፈር አንዲት ክፍል ፈልጉ፤ ገንዘቡን በየወሩ ለአከራዩ ስጡ፣ ስድስት ወር ያዙላት፣ ውሉ ግን በተረጂዋ ስም ይጻፍ። አድራሻ የሚያወጣላት ያ ውል ነው። አድራሻ ከሌለ የነዋሪነት መታወቂያ የለም፣ መታወቂያ ከሌለ የባንክ ደብተርም ሴፍቲኔትም የለም። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ተረጂ የሚመርጠው ከወረዳው ነዋሪ ነው፤ መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሠርቶ ይከፈለዋል፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ይደገፋል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚቆመው መሸኛ ላይ ነው። ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ሳይዝ የመጣ ሰው ወረዳ ሲመላለስ ይከርማልና፣ የደርሶ መልስ አውቶቡሱን ከበጀታችሁ አስቀምጡ። ለፋይዳ፣ ማለትም ለብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብ ስለሚችል ከፋይዳው ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

መነሻ ገንዘቡ ላይ ደግሞ ብዙ ማኅበር ይሳሳታል። አንዴ 10,000 ብር በእጇ ከሰጣችኋት የቆየ ዕዳ፣ ዘመድና ሕመም ይከፋፈሉታል። የሦስት ቀን ዕቃ ግዙላት፦ 10 ኪሎ ሽንኩርት፣ 5 ኪሎ ድንች። ሸጣ ከተካችው ሁለተኛውን ጨምሩ፣ ካልተካችው ለምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት። አስፋልት ዳር ግን አትቀመጥ። ደንብ አስከባሪ አንዴ ከወሰደው ካፒታሉ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። በእኔ ሚዛን ቆሎ ቆልቶ ወይም እንጀራ ጋግሮ ለሱቅ ማስረከብ ከጉሊት ይሻላል።

ልጅ ካላት የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገቡት። በአዲስ አበባ ተማሪው ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላል። እሷም ልጅ ሳታዝል የምትሠራበት ሙሉ ቀን ታገኛለች።

የሰንበቴ አገልጋይ፦
ከላይ የተባለው ለሁለት ለሦስት ሰው ይሆናል። የቀሩት ሰባና ሰማንያዎቹ ግን ዛሬ ርቧቸዋል፤ እባካችሁ ምሳውን አትተዉት። በጾም ለ100 ሰው 220 እንጀራ አስቡ፣ ለሰው ሁለት፣ 20ው መጠባበቂያ። ሽሮ 6 ኪሎ፣ ሽንኩርት 10 ኪሎ፣ ዘይት 4 ሊትር። ምስር ከሆነ ክኩ 8 ኪሎ ይበቃል። በፍስክም ሥጋ አልመክርም፤ ለሁሉም እኩል አይደርስምና ቅሬታ ያመጣል።

ሰልፍ አታሠሩ። ሲሰለፉ ጉልበት ያለው ይቀድማል፣ ዓይነ ስውሩና በምርኩዝ የሚሄደው ባዶ እጁን ይቀራል። ቅዳሴ ከመውጣቱ በፊት ግቢ ውስጥ በረድፍ አስቀምጡና ማኅተም ያለበት ካርድ በየእጃቸው ስጡ። ልጅ ያዘለች ለልጇም ካርድ ትያዝ። እነሱ ወደ ድስቱ አይሂዱ፣ ወጡ ወደ እነሱ ይምጣ። ካርድ ታድሎ ካለቀ በኋላ የሚደርስ አሥር ያህል ሰው አይጠፋም፣ 20ው እንጀራ ለእነሱ ነው። ፎቶ ደግሞ አታንሡ። ስልክ ሲወጣ ስንቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ጉርሻቸውን እንደሚያቋርጡ አንዴ ያየ ሰው አያነሣም።

ፋርማሲስት፦
ማዘዣ ይዞ ለሚለምን ጥሬ ብር አትስጡ፣ አብራችሁት ፋርማሲ ግቡ። ቀኑን፣ ማኅተሙንና የሐኪሙን ፊርማ እዩ። እጥፋቱ ላይ ተበልቶ ጽሑፉ የለቀቀ ወረቀት ብዙ እጅ ዞሯል ማለት ነው። ከከፈላችሁ በኋላ ማዘዣው ላይ «ተሰጥቷል» ይባልበት፣ ያለዚያ ያው ወረቀት ነገም ይለመንበታል። በመኪና ላይ በድምፅ ማጉያ ለኩላሊት ታማሚ ሲለመን ደግሞ በሆስፒታሉ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ሆስፒታሉን ጠይቁ። የባንክ ሒሳቡ ስም ከታማሚው ወይም ከቅርብ ቤተሰቡ ጋር ካልገጠመ አታስገቡ። ከአሜሪካና ከዓረብ አገር ፎቶ ብቻ አይታችሁ የምትልኩም እንደዚሁ አድርጉ።

ማኅበርተኛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ልጅ ታቅፈው ከሚለምኑት አንዳንዶቹ ልጁን ተከራይተው ነው የሚል ወሬ አለ። ይህንን እንዴት እናጣራ?

ሶሻል ወርከር፦
አደባባይ ላይ «የማን ልጅ ነው?» እያላችሁ አትመርምሩ። እውነተኛዋን እናት ታዋርዳላችሁ፣ ሌላዋ ደግሞ ቦታ ቀይራ ትጠፋለች። በተለያየ ቀን ሂዱና እዩ፤ በአንድ ሴት እቅፍ በየቀኑ ሌላ ልጅ ካለ፣ ወይም ያው ልጅ ከተለያየ ሰው ጋር ከታየ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አስታውቁ። ሰውን ለልመና አሰማርቶ መጠቀም በአዋጅ 1178/2012 ብዝበዛ ነው። ልጁን ራሳችሁ ነጥቃችሁ አትውሰዱ።

የዘነበወርቅ ልጅ፦
ምሳውን ላሰቡት አንድ ነገር። ከምታበሏቸው ውስጥ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሊኖሩ ይችላሉ። ለብቻ አታስቀምጧቸው። በሽታው ይድናል፣ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ሕክምና የጀመረ ሰው አያስተላልፍም። አዲስ ምልክት ያለበት ካገኛችሁ፣ ማለትም ነጣ ያለና ሲነካ የማይሰማው ቆዳ ያለበት ሰው፣ አለርት ሆስፒታል ውሰዱት። ድነውም ቢሆን ግን የብዙዎቹ እጅ ሙቀት አይሰማውም። የሚያቃጥል ሻይ በቆርቆሮ ኩባያ ብትሰጧቸው ጠጥተው እስኪጨርሱ ይይዙታል፣ መዳፋቸው መቃጠሉን የሚያውቁት ውሃ ሲቋጥር ነው። መያዣ ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ይሁን፣ ወጡም በረድ ብሎ ይቅረብ።